ስለ «ጠመዝማዛ» ትርጉምና ስለ ዘመዶቹ

በነፋስ ስልክ ላፍቶ በኩል ወደ ሀይሌ ጋርመንት የሚያልፍ ሰው የሰፈሩ ስም ከሁለት ቋንቋ የተገጠመ መሆኑን ሳያስተውል አይቀርም። «ጋርመንት» በእንግሊዝኛ ልብስ ማለት ነው። ልብስ ከጨርቅ፣ ጨርቅ ከክር፣ ክርም ከመጠምዘዝ ይገኛል። ስለዚህ «ጠመዝማዛ» ስለሚባለው ቃል ለመናገር ስንነሣ ከዚያ ሰፈር ብንጀምር ያለ ምክንያት አይደለም።

ቃሉ ዘወትር ከአፋችን የማይጠፋ ነው፤ መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ወንዙ ጠመዝማዛ እንላለን። ግሡ «ጠመዘዘ» ነው። የታጠበ ልብስ ይጠመዘዛል፤ ገመድ ይጠመዘዛል፤ በትግል ጊዜም የባላጋራ እጅ ይጠመዘዛል። በአጠገቡ «ጠመመ» እና «ጠመጠመ» አሉ። ሦስቱም በ«ጠ» እና በ«መ» ስለሚጀምሩ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ብሎ ለመፍረድ የሚቸኩል አይታጣም። ነገር ግን «ጠመደ» እና «ጠመቀ» እንዲሁ ይጀምራሉ፤ በሬ መጥመድና ጠላ መጥመቅ ከመጠምዘዝ ጋር ምን ዝምድና አላቸው? የቃልን ዘር መቍጠር ትዕግሥት ይጠይቃል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን የፈጁበት የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ታትሞ የወጣው እርሳቸው ካረፉ በኋላ ነው፤ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድም የዐማርኛውን መዝገበ ቃላት ያሳተሙት በ1962 ዓ.ም. ነው።

ተመሳሳይ የሚባሉትን ቃላት ብንመረምር ፈጽሞ አንድ የሆኑ አይደሉም። «ቆልማማ» ጫፉ የታጠፈ፣ እንደ ምርኩዝ ራስ ያለ ነው። «ጎባጣ» እንደ ደጋን አንድ ጊዜ ብቻ የታጠፈ ነው። «ወልጋዳ» ከተራው የወጣ፣ መሥመሩን የሳተ ነው። ጠመዝማዛ ግን ታጥፎ እንደገና የሚታጠፍ፣ ወዲያ ሄዶ ወዲህ የሚመለስ፣ ቢሆንም ወደ ፊት የሚራመድ ነው። ይህን የመጨረሻውን ነገር አደራ እንዳትዘነጉት።

ምስክር የሚሆነን የአገራችን ተራራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጕዙ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል በቀጥታ ሊወርዱት አልቻሉም። ሰውና በቅሎ በአቋራጭ ይወጣል፤ መድፍ ግን አይወጣም። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ እያነሡ፣ ገደሉን እያስፈለጡ፣ እየታጠፈ የሚወርድና የሚወጣ መንገድ አሠሩ። ጉዞው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፈጀ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦር በዚያው በጅዳ መንገድ ተጠቅሞ ማለፉ የታሪክ ምጸት ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ሊማሊሞ ነው። ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደውን ይህን መንገድ ኢጣልያኖች በወረራቸው ዘመን ሠሩት። አሳባቸው ለእኛ መልካም ማድረግ አልነበረም፤ ጦርና ስንቅ ማመላለስ ነበር። በዚያ አፋፍ ላይ ያለውን የወልቀፊትን ምሽግም እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ድረስ ይዘው ቆይተዋል። በሰሜን ሸዋ በጣርማ በር ግን ሌላ ብልሃት ያዙ፤ ተራራውን በመዞር ፈንታ ሆዱን ወግተው ዋሻ አበጁ። ይሁን እንጂ ከዋሻው ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መንገድ መጠምዘዙን አልተወም።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። አንድ ሺሕ ሜትር ከፍታ ለመውጣት በየመቶው ሜትር አምስት ሜትር ብቻ ከፍ የሚል መንገድ ቢፈለግ ሃያ ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል። ገደሉ ለሃያ ኪሎ ሜትር የሚሆን ሜዳ ከሌለው መንገዱ በራሱ ላይ እየታጠፈ ይደረደራል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሁሉ ይህን በጆሮው መደንቆር ጭምር ያውቀዋል። ስለዚህ በመንገድ ዘንድ ጠመዝማዛነት ነውር አይደለም፤ ተራራውን የሚያስወጣው እርሱ ነው።

በክርም ዘንድ እንዲሁ ነው። ጥጥ በእንዝርት ሲሾር ጭረቶቹ እርስ በርሳቸው ተጠማዘው ይያያዛሉ፤ ካልተጠመዘዙ በጣት ሲስቡት ይበጠሳል። የተፈተለው ሲጠቀለል ደግሞ «አጠነጠነ» እንላለን፤ ዛሬ ጋዜጠኞች «ጽሑፉ በዚህ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናል» ሲሉ የሴት አያቶቻችንን የእጅ ሥራ እየተናገሩ መሆናቸውን ስንቱ ያስባል?

ከዘመዶቹ ሁሉ ግን ለእኔ እጅግ የሚያምረኝ «ሐረግ» ነው። ሐረግ በዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ ተክል ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን በመጽሐፍ መጀመሪያ ላይ በቀይና በቢጫ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ ቀለም የሚሥሉትን እርስ በርሱ የተጠላለፈ ጌጥ ሐረግ ብለው ጠሩት፤ በ15ኛው መቶ ዓመት የተጻፉ ብዙ ብራናዎች በዚህ ያጌጡ ናቸው። ትውልድ ሲቈጠር «የዘር ሐረግ» ተባለ። የሰዋስው መምህራንም የቃላትን ጥምር በዚሁ ስም ጠሩት። አንድ ቃል ከዱር ተነሥቶ ወደ ብራና፣ ከብራና ወደ ቤተሰብ፣ ከዚያም ወደ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ሲዘዋወር እንዲህ ነው፤ አካሄዱ ራሱ የሐረግ ነው።

አሁን የሁላችንን የጽሕፈት ቤት ሥራ ወደሚነካው ወደ «ጠማማ» እንምጣ። ግእዝ ጠማማውን «ጠዋይ» ይለዋል፤ ተቃራኒው «ርቱዕ» ነው። ርቱዕ ቀጥ ያለ መሥመር ብቻ አይደለም፤ እውነተኛ ፍርድና ቀና ሃይማኖትም ርቱዕ ይባላል። እንደዚሁም ጠማማ የእንጨት ቅርጽ ብቻ ሳይሆን የልብና የፍርድ ስም ሆነ። ዳኛ ጠማማ ሊባል ይችላል፤ ጠመዝማዛ ግን አይባልም። ጠመዝማዛ ያላሰበ፣ ያልፈቀደ ነገር ነው፤ ጠማማ ግን ፈቃድ አለበት።

ይህ ልዩነት ሲደፈርስ የሚጎዳው ባለጉዳይ ነው። አንድ መዝገብ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር፣ ከሩቅ አገር የመጣ አመልካችም ስንቁ አልቆ ደጅ ሲጠና፣ «አሠራሩ ጠመዝማዛ ነው» ብለን በደብዳቤ እንጽፋለን። እንዲህ ስንል አሠራሩን ከሊማሊሞ ጋር አስተካከልነው፤ ተራራ ያጠፈው አስመሰልነው። የሊማሊሞን ተራራ ማንም ቆሞ ሊያየው ይችላል። የመዝገቡ ጉዞ ለማጣራት፣ ለማመሳከር፣ የሌላውን ወገን ቃል ለመስማት የታጠፈ እንደ ሆነ ያም ተራራ ነውና ጠመዝማዛ መባሉ ተገቢ ነው፤ ባለጉዳዩም ቢነገረው ይገባዋል። አንድ ሰው እጅ መንሻ ሲጠብቅ ወይም ኀላፊነት ፈርቶ የታጠፈ እንደ ሆነ ግን በመካከሉ ምንም ተራራ የለም።

ለዚህ ለሁለተኛው ሕዝቡ «ዙሪያ ጥምጥም» የሚል ስም አለው። የካህን ጥምጥም ራስን ሃያ ጊዜ ቢዞር ከዚያው ራስ አይርቅም። ሊማሊሞን የወረደ አዲ አርቃይ ይደርሳል፤ በዙሪያ ጥምጥም የሄደ ባለጉዳይ ግን ማታ የሚገኘው ጠዋት በቆመበት በር ላይ ነው።