ካቻቢቴና ላሜራ፤ አሮጌ አውቶሞቢል በኢትዮጵያ ግቢ የታደሰበት ታሪክ

በሰቆጣ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ከሥሩ የተኛ መካኒክ ረዳቱን ሲያዝዝ ትእዛዙ በአማርኛ ወይም በኽምጣና ይጀምርና መሣሪያው ላይ ሲደርስ ጣልያንኛ ይሆናል፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ። ሞተሩ ሲከፈት ደግሞ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ ይከተላሉ። ረዳቱ እነዚህን ቃላት የባዕድ ናቸው ብሎ አይጠረጥራቸውም፤ ከአስተማሪው ሰማቸው፤ አስተማሪውም ከአስተማሪው። በሀገራችን መኪና የመጠገንና የማደስ ጥበብ ከእጅ ወደ እጅ እንጂ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ አልተላለፈም። ስለዚህ የዚህ ጥበብ ታሪክ የሚፈለገው በመዝገብ ቤት ሳይሆን በእነዚህ ቃላትና በየግቢው ቆመው በሚገኙት አሮጌ አውቶሞቢሎች ገላ ላይ ነው።

አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተሰኘች መኪናውን ይዞ፣ የተጠረገ መንገድ በሌለበት በረሃና ተራራ አቋርጦ ከዳግማዊ ምኒልክ ፊት አቀረባት። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ሲል ደግሞ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ያስመጣው፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው የእንፋሎት ጎታች እየተንገዳገደ ወደ ከተማይቱ ገብቶ ነበር። የቤንትሌይን ጉዞ ለመሐንዲስ የሚያስደንቀው የፍጥነቱ ነገር አይደለም። አንድ ብሎን ቢሰበር ከባሕር ማዶ በቀር የሚገኝበት ስፍራ አልነበረም፤ የተሰበረውን በአቅራቢያ ባለ ብረትና በአቅራቢያ ባለ እጅ መተካት ግድ ነበር። የሀገራችን የመኪና ጥበብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚህ ግዴታ አልተላቀቀም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ዘመን የጣልያን ጦር መንገድ ቀደደ፤ በሺሕ የሚቆጠር ከባድ መኪና አመጣ፤ ለጥገናውም ወርክሾፖች አቋቋመ። ከድል በኋላ ብዙ ጣልያናውያን መካኒኮችና ቶርኖ ሠራተኞች በአሥመራና በአዲስ አበባ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። መሣሪያ አቀባይ ሆኖ የገባው ኢትዮጵያዊ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራሱ ባለሙያ ሆኖ ወጣ። ወራሪው በጦር መሣሪያው ሊያጸናው ያልቻለው ቋንቋ በካቻቢቴው ጸንቶ መቅረቱ የታሪክ ቀልድ ነው።

ይህ ትውልድ እጁን ያፍታታባቸው መኪኖች ትንንሾች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣችው 633 ሲሲ ፊያት 600፣ በሕዝቡ አጠራር «ሴቼንቶ»፣ የአዲስ አበባን ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ለዘመናት ተሸከመች። ከእርሷ ጎን የቆመችው ቮልስዋገን ናት፤ «ቮልስ»። ቮልስ በሀገራችን ታሪክ ውስጥ ያላት ስፍራ ከታክሲነት የበለጠ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚህችው ትንሽ መኪና መሆኑን የማያውቅ የለም።

አንባቢ «ቮልስና የስፖርት መኪና ምን አገናኛቸው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ በኦስትሪያ ግሙንድ በምትባል መንደር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያዋ ፖርሽ 356 በዚያች መንደር ስትሠራ ሞተሯ 1131 ሲሲ የቮልስዋገን ሞተር ነበር፤ ብዙው አካሏም እንዲሁ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ሀገር ኮሊን ቻፕማን የተባለ የምሕንድስና ተማሪ አንዲት አሮጌ ኦስቲን ሰቨን በጠባብ ጋራዥ ውስጥ ፈታትቶ ለውድድር አበጃት፤ የሎተስ ኩባንያ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያች መኪና ነው። ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣት ሎተስ ሰቨን ተፈትታ በሣጥን ትሸጥ ነበር። ምክንያቱ ግብር ነው፤ የእንግሊዝ ሕግ በተገጣጠመ መኪና ላይ የሽያጭ ግብር ሲጥል ገዢው በቤቱ በሚገጥማት ላይ አይጥልም ነበርና። የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮ መስጠት ስለማይፈቀድ ኩባንያው የመፍቻ መመሪያ ሰጥቶ ገዢው ከኋላ ወደ ፊት እንዲያነበው አደረገ እየተባለ ይነገራል። በሁለቱም ስፍራ የስፖርት መኪና የተወለደው ከተራ ሰው መኪናና ከእጥረት ነው። በእኛ ሀገር ያደረገው ሌላ አይደለም፤ ልዩነቱ እዚያ ስም ወጥቶለት በመጽሐፍ መጻፉ፣ እዚህ ግን «አሮጌ መኪና መጠጋገን» ተብሎ መናቁ ነው።

የምሥራቅ አፍሪካን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ንቀቱ ከንቱ ነው። በሳፋሪ ራሊ፣ በዓለም ካሉት ውድድሮች ሁሉ በጭካኔው በታወቀው፣ ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957ና በ1962 አሸንፋለች። ፔዦ 404 ደግሞ በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ ድል አድርጋለች። ይህች 404 የሐረር ታክሲ ሆና የጀጎልን ግንብ ስትዞር የኖረችው መኪና ናት። ተሳፋሪው በሻምፒዮን ላይ ተቀምጦ ወደ ገበያ ይሄድ ነበር ማለት ነው፤ ባለ ታክሲውም ሳያውቀው የውድድር መኪና ሲያድስ ኖሯል።

ቮልስን በግቢ ውስጥ ማደስ የሚቻለው ንድፏ ስለሚፈቅድ ነው። ሞተሯ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ማሰሪያ ብቻ ነው፤ ሁለት ብርቱ ሰዎችና አንድ ክሪክ ያውርዱታል። ሲሊንደሮቿ ተነጣጥለው የቆሙ ስለሆኑ የተበላው ብቻውን ይለወጣል። ገላዋ ከወለሉ ጋር በብሎን ስለታሰረ ተነሥቶ በጎን ሊቀመጥ ይችላል። የሚያስቸግረው ከኋላ መቀመጫ ሥር ያለው ወለል ነው። ባትሪው የሚቀመጠው በዚያ ስለሆነ አሲዱ ላሜራውን ይበላዋል፤ ምንጣፉ ሲገለጥ መሬት የሚታይባት ቮልስ ብርቅ አይደለችም። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ቀለሙን ከማየቱ በፊት ያንን መቀመጫ ያንሣ። ስቱኮ ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል፤ የተበላውን ወለል ግን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ከመበየድ በቀር መድኃኒት የለውም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የከፍታ ጉዳይ ነው፤ የሀገራችንን ሥራ ከሌላው ዓለም የሚለየውም ይኸው ነው። በ2300 ሜትር ገደማ፣ ማለትም በአዲስ አበባም በሰቆጣም አካባቢ፣ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። 34 የፈረስ ጉልበት ተብላ የተሸጠች ቮልስ 27 ገደማ ብቻ ይቀራታል። የካርቡራቶሩ ቤንዚን ግን በአየሩ ልክ አይቀንስም፤ ቅይጡ ወደ 12 በመቶ ያህል ይወፍራል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ጭሱ ይበዛል። የጥንቱ መካኒክ ይህን በቁጥር አላሰላውም። ካንዴላውን ፈትቶ ቀለሙን ያነብና ጂግለር የሚባለውን የቤንዚን መውጫ በጠበበ ይለውጠዋል፤ ማቀጣጠያውንም ትንሽ ያስቀድመዋል። ስሌቱን የሠራ ሰው የሚደርስበት መልስ ከዚሁ ብዙ አይርቅም። ቴስታታውን በጥቂቱ አስልጦ የእመቃውን ልክ ከፍ ማድረግም በደጋ ያዋጣል፤ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ስስ ነውና ሞተሩ ሳያንኳኳ ይችለዋል። ሆኖም እንዲህ የተበጀች መኪና ወደ አፋር ቆላ ብትወርድ ጉዳዩ ሌላ ነው።

የማቀዝቀዣውም ነገር እንዲሁ ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ አቀበት ላይ ራዲያተሯ ሲጨስ የቆመች መኪና ያላየ መንገደኛ የለም። ቮልስ ውሃ የላትም፤ የሚያቀዝቅዛት አየር ነው፤ ስለዚህም በደጋው ሰው ዘንድ የታመነች ሆነች።

በግቢ የሚያድሱ ወጣቶች አብዝተው የሚሳሳቱት ጉልበትን አስቀድመው ፍሬንን በማስከተላቸው ነው። ከኮረም ወደ አላማጣ የሚወርደውን የግራት ካሕሱ ጠመዝማዛ እንውሰድ፤ ቁልቁለቱ 1000 ሜትር ያህል ነው። ከነተሳፋሪዋ 1000 ኪሎ የምትመዝን ቮልስ ያንን ስትወርድ የምትለቀው ኃይል 30 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ካልያዛት ያ ሁሉ ሙቀት የሚገባው በአራቱ የፍሬን ታምቡሮች ነው። ከቮልስ ላይ መከላከያ አውልቆ፣ ሰፊ ቸርኬ አግብቶ፣ ማርሚታዋን አስጩሆ ፍሬኗን እንደነበረ የሚተው ሰው የስፖርት መኪና አልሠራም።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የውጭ ምንዛሪ ለግል አውቶሞቢል የሚተርፍ አልሆነም። አዲስ መኪና ሕልም ሆነ፤ ቤንዚንም በኩፖን የታደለበት ጊዜ ነበር። በዚያ ዘመን የነበረውን ማቆየት የጥበብ ሁሉ መጀመሪያ ሆነ። የመርካቶው ሶማሌ ተራ የተበተኑ መኪኖች አጥንት እየተለየ የሚሸጥበት ገበያ ሆኖ ገነነ፤ ምናለሽ ተራ ደግሞ ከቆርቆሮና ከቁራጭ ብረት ሌላ ዕቃ የሚወለድበት። ከባሕር ማዶ የማይመጣውን ቦኮላ ቶርኖ ሠራተኛው አሮጌውን አይቶ ቀረጸው። ንድፍ አልነበረም፤ ልኬቱ በካሊፐር ተወስዶ በጠመኔ ብረት ላይ ተጻፈ፤ ሥራው ሲያልቅ ተጠረገ።

በዚህ መካከል ላዳ መጣች። ላዳ ለአሮጌው መካኒክ እንግዳ አልነበረችም። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውላ በ1970 በቶልያቲ ማምረት የጀመረቻት መኪና መሠረቷ ፊያት 124 ነው። ሩሲያውያን ላሜራውን አወፈሩት፤ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በታምቡር ለወጡት፤ ሞተሩንም ሌላ አደረጉት። አቀማመጧ ግን የጣልያን ነው፤ በፊያት ላይ የተማረ እጅ በላዳ ላይ ጨለማ አልሆነበትም። የርእዮተ ዓለም ለውጥ የጋራዡን መዝገበ ቃላት ሳይነካው አለፈ።

መኪናን እንደ ፍላጎት ማበጀትም ከቅንጦት ይልቅ ለሥራ የሄደባት ሀገር ናት። «ቅጥቅጥ» የሚባለው አውቶቡስ ምስክር ነው። አይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲው ይወሰድና ገላው በሀገር ውስጥ ከላሜራ ተቀጥቅጦ ይሠራለታል፤ ስሙም ከመዶሻው ድምፅ የወጣ ይመስላል። ከሰቆጣ አልፎ በዝቋላ ወረዳ እስካለችው ጽጽቃ ድረስ ያለውን ዓይነት አቀበትና ቁልቁለት ለሚጓዝ ሕዝብ የማበጀት ሥራ ትርጉሙ ይህ ነው። የስበት ማእከሉ ከፍ ያለ ገላ በጠባብ መታጠፊያ ላይ ምን እንደሚያመጣ ግን የማኅበራችን አባላት አይስቱትም፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ ጭነት አለ።

የአንዲት መኪና ብቸኛው የጽሑፍ ታሪክ ሊብሬዋ ነው። የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር፣ ቀለሙም ሳይቀር በዚያ ይሰፍራል። ጂግለሩን ማን እንደለወጠው፣ ቴስታታው ስንት ነጥብ እንደተላጠ፣ ወለሉ በምን ውፍረት ላሜራ እንደተበየደ ግን አንድ መስመር የለውም። ዓመታዊው ምርመራ ተደርጎ ቦሎ ይለጠፋል፤ ሠሪው ይሞታል፤ ቀጣዩ ባለቤት ያንኑ ቴስታታ እንደገና ያስልጠዋል፤ ሞተሩም ማንኳኳት ይጀምራል። የባለሙያዎቹ ጥፋት አይደለም፤ በዩኒቨርሲቲ የተማረው ወገን ዘይት ወደ ነካው ሱሪ ተጠግቶ እርሳስና ወረቀት ስላላወጣ ነው።

አሁን ደግሞ ጊዜው ይጣደፋል። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪና ላይ ከአዲሱ እጅግ የከበደ ኤክሳይዝ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። የመጨረሻዋ አሮጌ ንድፍ ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ከፋብሪካ ወጥታ ሃያ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል የሆነው ቁጥር ተዘግቷል። በየግቢው የቀሩት ምትክ የላቸውም፤ ዋጋቸውም ይህን የተረዳ ይመስላል።

የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ከፍታ አያደክመውም፤ ጂግለርም ቴስታታም የለውም። በአራት ማሰሪያ ብቻ የተያዘው የቮልስ ሞተር ወርዶ በቦታው ሌላ ሞተር ቢገባ፣ ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው አንድ የብረት ሳህን ነው፤ ክብ፣ አራት ቀዳዳ ያለው፣ መሐሉ በልክ የተቦረቦረ። ባትሪው በዚያው በኋላ መቀመጫ ሥር ሊገባ ይችል ይሆናል፤ ወለሉ አስቀድሞ ከተበየደ።