ከማይታየው ጋር የሚደረግ ጨዋታ

የጨዋታ ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ የዕረፍት ሰዓት ማሳለፊያ ብቻ ሆኖ ይታያል። የኪነ ጥበብ ሰዎች ከግጥም፣ ከተውኔትና ከሥዕል ጎን አስቀምጠው ሲመረምሩት እምብዛም አናይም። ይሁን እንጂ የሰሌዳን ታሪክ ጠጋ ብሎ ላጠና ሰው፣ አንድ ኅብረተሰብ ስለ ዓለም ያለውን አመለካከት፣ በተለይም የሚፈራውን ነገር፣ በአንድ ክንድ ስፋት ሥሎ ያኖረበት ቦታ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በምዕራቡ ዓለም ብዙ ወዳጅ ያፈራውን አንድ የሰሌዳ ጨዋታ ዓይነት፣ ማለትም የጠፈርን አስፈሪነት መሠረቱ ያደረገውን ጨዋታ፣ አምቦና አካባቢዋ ከሚያውቁት ገበጣ ጋር አስተያይቶ መመልከት ነው።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነኝ አንድ ምሽት ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ የእኅቴ ልጅ ለገና በዓል አምቦ ቤታችን ሳለ፣ ከሻንጣው አንድ ትልቅ ካርቶን አውጥቶ ያመጣውን ሰሌዳ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። አራት ሆነን ዙሪያውን ተቀመጥን፤ በመካከላችን የቆሎ ሣሕንና የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ነበር። ሰሌዳው አርካም የምትባል በልብ ወለድ የተፈጠረች የአሜሪካ ከተማ ካርታ ሲሆን፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1926 ነው። በከተማይቱ ውስጥ ወደ ሌሎች ዓለማት የሚያስገቡ በሮች ይከፈታሉ። በሮቹ ከበዙ፣ ከሰው ልጅ በፊት የነበረና ስለ ሰው ልጅ ደንታ የሌለው አንድ ታላቅ ፍጡር ከእንቅልፉ ይነቃል። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ አይፋለሙም፤ በሮቹን ለመዝጋት ተባብረው ይጥራሉ። እያንዳንዳቸው የአካል ጤናና የአእምሮ ጤና በቁጥር ተመጥኖ ተሰጥቷቸዋል፤ አስፈሪውን ነገር በተጋፈጡ ቁጥር ከአእምሮ ጤናቸው ሊቀነስ ይችላል። ከሦስት ሰዓት ትግል በኋላ ተሸነፍን። ልጁ ግን ፊቱ በርቶ፣ «አጎቴ፣ የዚህ ጨዋታ ጣዕሙ እኮ መሸነፉ ነው» አለኝ።

ሽንፈት እንዴት ጣዕም ሊኖረው ይችላል? ሌሊቱን ያሳሰበኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ሰሌዳና ዕጣ ፈንታ

ሰሌዳን ከማይታየው ኃይል ጋር ማገናኘት አዲስ ነገር አይደለም። ጥንታውያን ግብፃውያን ሰኔት የሚባል ባለ 30 ቤት ጨዋታ ነበራቸው። ጨዋታው በመጀመሪያ መዝናኛ የነበረ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ የሟች ነፍስ በወዲያኛው ዓለም ለምታደርገው ጉዞ ምሳሌ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1922 የቱታንኻሙን መቃብር ሲገኝ የሰኔት ሰሌዳዎች ከንጉሡ ንብረቶች መካከል ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የዳግማዊ ራምሴስ ባለቤት በነበረችው በንግሥት ኔፈርታሪ መቃብር ግድግዳ ላይ የተሣለው ሥዕል ነው። ንግሥቲቱ ከሰሌዳው ፊት ተቀምጣ ትጫወታለች፤ በትይዩዋ ግን ማንም የለም። ተፎካካሪዋ አይታይም።

በሕንድም ሕፃናት ዛሬ እባብና መሰላል እያሉ የሚጫወቱት ጨዋታ ጥንታዊ መልኩ የነፍስ ማስተማሪያ ነበር፤ መሰላሉ በጎ ምግባርን፣ እባቡ ደግሞ ክፉ ሥራን ያመለክታል። በአውሮፓ ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ የተስፋፋው የዝይ ጨዋታ 63 ቤቶች ሲኖሩት፣ 58ኛው የሞት ቤት ነው፤ እዚያ የወደቀ ተጫዋች እንደገና ከመነሻው ይጀምራል። ከእነዚህ ሰሌዳዎች እንደምንረዳው ሰው ከራሱ የሚበልጠውን ኃይል በጣቱ በሚነካው ጠጠርና በዕንጨት ላይ ለማየት ጥንትም ይሻ ነበር። ይሁንና በነዚያ ዘመናት አስተሳሰብ የማይታየው ኃይል ፈራጅ ነው። ክፉውን ከደጉ ይለያል፤ መንገዱም መድረሻ አለው። በገና ምሽት ከፊታችን የተዘረጋው ሰሌዳ ግን ፈራጅ የለውም። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የጠፈር ፍርሃት ታሪካዊ ምንጭ

ይህን ፍርሃት በሥነ ጽሑፍ መልክ ያስያዘው አሜሪካዊው ኤች. ፒ. ላቭክራፍት (እ.ኤ.አ. ከ1890 እስከ 1937) ነው። በጣም የታወቀው ድርሰቱ፣ ከባሕር በታች በሰጠመች ከተማ ስለ ተኛው ክቱሉ የሚተርከው፣ እ.ኤ.አ. በ1926 ተጽፎ በ1928 ታተመ። ደራሲው ከልጅነቱ ጀምሮ የከዋክብት ጥናት ወዳጅ የነበረና በጋዜጦች ላይም ስለ ሰማይ የጻፈ ሰው ነው። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። ኤድዊን ኸብል አንድሮሜዳ ከእኛ የከዋክብት ክምችት ውጭ ያለ ሌላ ታላቅ ክምችት መሆኑን ያረጋገጠበት ግኝት ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1925 መባቻ ነው። ሰማይ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከታሰበው እጅግ ሰፋ፤ ሰውም በዚያው ልክ አነሰ። ከ1914 እስከ 1918 የተካሄደው ጦርነትም ሠልጥኛለሁ ይል የነበረው ዓለም በራሱ ላይ የነበረውን እምነት አናግቶት ነበር። ስለዚህ የጠፈር ፍርሃት ከአንድ ሰው ቅዠት የመነጨ ብቻ ሳይሆን የዘመኑ ነባራዊ ሁኔታ ያፈራው ስሜት ነው።

ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ሌላ ገጽታም አለው። ላቭክራፍት ከእርሱ ዘር ያልሆነውን ሰው ሁሉ ይንቅና ይፈራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1926 በኒው ዮርክ ሲኖር በመንገድ የሚያያቸው ስደተኞች እንደ ጭራቅ ሆነው በድርሰቱ ውስጥ ገቡ። ከጥልቁ ይወጣል ያለው አስፈሪ ነገር ብዙ ጊዜ የጎረቤቱ ፊት ነበረው። እኛም ይህን ፍርሃት በምንመረምርበት ጊዜ ወርቁን ከአፈሩ መለየት ይኖርብናል።

ሥነ ጽሑፉ ወደ ጨዋታ የተሸጋገረው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ሳንዲ ፒተርሰን ያዘጋጀው፣ ተጫዋቾች እንደ ተዋናይ ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚጫወቱት ጨዋታ ወጣ። በ1987 ደግሞ ሪቻርድ ላውኒየስ አርካምን በሰሌዳ ላይ ሣላት። በ2005 ተሻሽሎ ከወጣ በኋላም ብዙ ተከታዮችን አፈራ። የማራኪነቱ ምስጢር በእኔ አስተያየት ሁለት ነው። አንደኛ፣ መጠን የሌለውን ፍርሃት መጠን ይሰጠዋል፤ ሊታሰብ አይችልም የተባለው ነገር በካርድና በዳዶ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ ጠላቱ በጠረጴዛው ዙሪያ ስለሌለ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ወዳጆች ይሆናሉ። የተሸነፈ አያፍርም፤ ብቻውን አልተሸነፈምና። የእኅቴ ልጅ ጣዕም ያለው ይህን ይመስለኛል።

ገበጣና ሰንጠረዥ

ወደ አገራችን ስንመለስ የምናገኘው ሌላ ዓይነት ሰሌዳ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ የሚገኙ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግቧል። ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስትና ባለ አራት ረድፍ ገበጣ አለ፤ ባለ ሦስት ረድፉ በተለይ የአፍሪካ ቀንድ ነው። ሰንጠረዥም በመኳንንቱ ቤት የቆየ ጨዋታ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ማየቱን ጽፏል። በአገራችን ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲከፈት ተራ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ሠራዊታቸውን እንዳሻቸው በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። ይህም ወረራ ይባላል።

ልብ እንበል። በገበጣም ሆነ በሰንጠረዥ ዳዶ የለም፤ የተሸፈነ ካርድም የለም። ሁሉም ነገር በገሃድ ይታያል፤ ተፎካካሪውም በትይዩ ተቀምጦ ዓይን ለዓይን ይተያያል። በአምቦ ዙሪያ በልጅነታችን ከብት ስንጠብቅ መሬት ላይ ቆፍረን የምንጫወተው ገበጣ እንዲሁ ነበር። የተቆጠረው ጠጠር በእጅ፣ የተበላው በደረት ፊት ነው። ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ምክር ይሰጣል።

ታዲያ ሕዝባችን ጠፈርን አልፈራም ነበርን? ፈርቷል። የምዕራብ ሸዋ ተፈጥሮ ራሱ ይህን ያስታውሳል። የደንዲና የወንጪ ሐይቆች ጥንት እሳተ ገሞራ በፈነዳበት አፍ ውስጥ የተኙ ውሆች ናቸው። በከፍታው ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ፣ እሳት የተፋው ጥልቅ ዛሬ ጸጥ ብሎ ሰማይን ሲያሳይ ማየት፣ የሰው ዕድሜ ምን ያህል አጭር መሆኑን ያለ ቃል ይነግረዋል። የአምቦ ፍል ውሃም ከመሬት በታች ገና ያልተኛ ነገር መኖሩን ይመሰክራል። ነገር ግን አባቶቻችን ይህን ፍርሃት በሰሌዳ ላይ አላኖሩትም። የኦሮሞ ሕዝብ እርጥብ ሣር ይዞ ወደ ውሃ ዳር በመውረድ በኢሬቻ ለዋቃ ምስጋና ያቀርባል። በቤተ ክርስቲያን ምሕላ ይያዛል። ዕጣውን ለማወቅ የጓጓም ዐውደ ነገሥት ወደሚገልጥ ደብተራ ይሄዳል። በሌላ አነጋገር፣ ከሰማይ ጋር የሚነጋገረው ጉባኤው ነበር፤ ጨዋታው ከባልንጀራ ጋር ለመተያየት ቀርቷል። በምዕራቡ ዓለም የጉባኤው ኃይል በሳሳ ጊዜ ጠረጴዛው ቦታውን የወሰደ ይመስለኛል።

ከዚህም ጋር ታሪክ የሚያስተምረን አንድ ቁም ነገር አለ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በአገራችን ላይ የወረደው ክፉ ቀን ለተመለከተው ሰው ከጠፈር የመጣ መዓት ይመስል ነበር። ከብቱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አለቀ፤ በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ረኃቡ ተከተለ። ዛሬ እንደምናውቀው ግን የከብቱ በሽታ የራሱ መንገድ ነበረው፤ ኢጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ከሕንድ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣ ነው። የላቭክራፍት ጭራቅ መነሻ የለውም፤ የእኛ መዓት ግን ወደብ፣ መርከብና ዘመን ነበረው። ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር ሁሉ ምክንያት የለውም ማለት አይደለም።

ጉድጓዱን መድፈን

እስከዚህ ድረስ ጽፌ፣ የእኛ ሰሌዳ ሁሉ በገሃድ የሚታይ ነው ብዬ ለመደምደም ተቃርቤ ነበር። ያኔ አያቴ ትዝ አሉኝ። አኮ እንላቸው ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከደጃፍ ወጥተው ጠጠሮቹን እንድንለቅም፣ የገበጣውንም ጉድጓዶች አፈር መልሰን እንድንደፍን ያዙን ነበር። ነገ እንደገና መቆፈር ሊያስፈልግ ነውና እናጉረመርማለን። አንድ ቀን ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «እናንተ ስትነሡ ሌላ ይቀመጣል» አሉኝ። ሌላው ማን እንደ ሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅሁም። ከብዙ ዓመት በኋላ የኔፈርታሪን ሥዕል በመጽሐፍ ሳይ፣ በንግሥቲቱ ትይዩ ያለውን ባዶ ቦታ ከደጃፋችን አውቀው ነበር። የማይታየው ተጫዋች በእኛም ገበጣ ዳር ቆሟል፤ ልዩነቱ አኮ እንዳይቀመጥ ማድረጋቸው ነው።

አኮ ያረፉት በ2012 ዓ.ም. ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለበት በወረርሽኙ ወራት ነው። ለቅሶውን እንደ ወጉ አልተቀመጥንም። ሰኔ 14 ቀን፣ እሑድ ማለዳ፣ በላሊበላ የቀለበት ቅርጽ ይዞ የታየው የፀሐይ ግርዶሽ በአምቦም ላይ ደረሰ። ብርሃኑ ደበዘዘ፤ ወፎች ዝም አሉ፤ በየደጃፉ የቆመው ሰው ተራርቆ ነበር። ጨረቃ በፀሐይ ፊት እንደምታልፍ፣ ሰዓቱም አስቀድሞ የተሰላ መሆኑን አውቃለሁ። ያም ሆኖ ፈራሁ። የፈራሁት ግን ግርዶሹን አልነበረም፤ ከጎኔ ሰው አለመኖሩን ነው። የጠፈር ፍርሃት ትክክለኛ ትርጉሙ በዚያች ማለዳ ገባኝ። ሰማዩ ሁልጊዜም ሰፊ ነበር፤ የሚያስፈራው ብቻውን የሚያየው ሰው ሲሆን ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ለመምህራንና ለኪነ ጥበብ ባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። ከውጭ የሚመጣውን ሰሌዳ መንቀፍ አይበቃም፤ ሳይመረምሩ መቅዳትም አይገባም። አራት ሰዎችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ ፍርሃታቸውን የሚያካፍላቸው ሥራ የተናቀ ሥራ አይደለም፤ ተውኔትም ከዚህ የተለየ ነገር አያደርግም። የሚያሳዝነው ገበጣ ዛሬ በብዙ ቤት ከመደርደሪያ ጌጥነት ያለፈ አገልግሎት ሳይኖረው መቅረቱ ነው። የአምቦ፣ የጊንጪ፣ የጉደርና የጌዶ ትምህርት ቤቶች ልጆች ከየአያቶቻቸው የገበጣውን ሕግ፣ የጠጠሩን መጠሪያ፣ መቼ እንደሚፈቀድና መቼ እንደሚከለከል ጠይቀው ቢጽፉ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚቀበር ዕውቀት ይተርፋል። የራሳችን ክፉ ቀን፣ የራሳችን ሐይቅና የራሳችን ግርዶሽ እያለን የአርካምን ጭራቅ ብቻ የምንፈራበት ምክንያት የለም።

የእኅቴ ልጅ ሊመለስ ሲል በግቢያችን መሬት ላይ ሁለት ረድፍ ቆፍረን ገበጣ አስተማርሁት። ሁለት ጊዜ አሸነፈኝ። ሲመሽም ለመነሣት ተቻኮለ። «ቆይ» አልሁት፤ ጠጠሮቹን ለቀምን፤ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ አፈር መለስንባቸው። ለምን እንደ ሆነ ጠየቀኝ። አኮ የነገሩኝን ነገርሁት።