ዋስ ያጣ ነፃነት፦ ከወልድያ ማረሚያ ቤት ወደ ራያ ቆላ

ከማረሚያ ቤት ስለሚወጡ ሰዎች ሲነሳ ውይይቱ ቶሎ ወደ ሙያ ሥልጠና ያመራል። የእንጨት ሥራ፣ ሽመና፣ ግንበኝነት ይማሩ፤ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸው፤ ተደራጅተው ብድር ያግኙ ይባላል። ሙያ አይጠቅምም የሚል ሰው የለም። የዚህ መጣጥፍ ክርክር በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በቆቦና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ ሰውን ሥራ ላይ የሚያስቀምጠው ዋስ ነው፤ በተለይ በደም ጉዳይ ታስሮ ለወጣ ሰው ደግሞ ዋስ ከዕርቅ በፊት አይገኝም።

የአካባቢው ኑሮ ራሱ ይህን ያሳያል። በዞብል ተራሮችና በምዕራቡ ደጋ መካከል የተዘረጋው ሜዳ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል፤ ከደጋ የሚወርደው የጎርፍ ውኃ ወደ ማሳ ይጠለፋል፤ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት በተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረታል። ሽንኩርት በሚተከልበትና በሚነቀልበት ወቅት የቀን ሠራተኛን ያለፈ ታሪክ አጥብቆ የሚጠይቅ የለም። ችግሩ የሚጀምረው ከቀን ሥራ አንድ ደረጃ ከፍ ሲባል ነው። መሬቱን በእኩል የሚሰጥ ገበሬ የሚያምነውን ይመርጣል። የመጋዘን ጥበቃ፣ የሱቅ ሽያጭ ወይም የባጃጅ ሹፌርነት ተያዥ ይጠይቃል። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ ለአነስተኛ ተበዳሪ ያስለመደው የቡድን ዋስትናም ጎረቤት ጎረቤቱን መርጦ የሚገባበት ነው። ከእስር የወጣ ሰው በእጁ ሙያ ቢኖረውም፣ ስሙን ከስሙ አጠገብ የሚያሰፍርለት ካጣ ከሽንኩርት ማሳው አያልፍም።

ሕጉ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አመክሮን፣ ከእስር በኋላ የሚደረግ ክትትልንና ፍርድ ከመዝገብ የሚሰረዝበትን ሥርዓት አስገብቷል፤ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግም ይህን ይዞ ቀጥሏል። ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች መሠረት ጊዜውን ጠብቆ መልካም ጠባይ ያሳየ ሰው ፍርዱ እንዳልነበረ ይቆጠርለታል፤ በክፋት የቀድሞ ጥፋቱን እያነሳ የሚሰድበውም በስም ማጥፋት ይጠየቃል። ድንጋጌው መልካም ነው፤ ግን በገበያ መሀል «እስረኛ» ስላሉት ክስ የሚመሠርት የቆቦ ሰው ማግኘት የሚቻል አይመስለኝም። መዝገቡ የመንግሥት ነው፤ ዋስ የሚሆነው ሰው ግን መዝገብ አያነብም። ከመዝገቡ ይልቅ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው አንቀጽ 202 ነው። የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ የፈጸመ እስረኛ በአመክሮ ሲፈታ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ በፍርድ ቤት የተወሰነውን ወይም ከተበዳዩ ጋር የተስማማበትን ካሣ በአቅሙ መክፈሉ ነው።

በራያ ከተበዳይ ጋር የሚደረገው እንዲህ ያለ ስምምነት የራሱ አደባባይ አለው። ዘወልድ በሚባለው የሽምግልና ሥርዓት የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ሽማግሌዎች በገዳይና በሟች ወገን መካከል ይገባሉ። የሟች ቤተሰብ በመጀመሪያ እሺ አይልም፤ እሺ ማለት ሟቹን ማቃለል ይመስላልና። ሽማግሌዎች ደጋግመው ይሄዳሉ፤ ከሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ መሐላ ይከተላል። ደም ከደረቀ በኋላ ሰውየው ከጠላቱ ጋር አንድ ገበያ ሊውል፣ አንድ ለቅሶ ሊደርስ ይችላል። ካልደረቀ ግን ነፃ ሰው ሆኖ ከወልድያ ቢወጣም ወደ ማሳው መመለስ ያሰጋዋል። ከሥራው በፊት ሕይወቱ ዋስ ይፈልጋል፤ አሠሪውም ደም ያለበትን ሰው ቀጥሮ ጣጣ ወደ ቤቱ አይጠራም።

የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦች (ደንብ 107) ስለ እስረኛው የወደፊት ኑሮ ከእስሩ መጀመሪያ አንስቶ እንዲታሰብ ይጠይቃሉ። በራያ ይህ ማለት የዕርቁ ጥረት ሰውየው ሊፈታ ሲል ሳይሆን በታሰረ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መጀመር አለበት ማለት ነው። ሽማግሌ ጊዜ ይፈልጋል፤ እስሩ ደግሞ ጊዜ አለው። ማረሚያ ቤቱ ለሽማግሌዎቹ በሩን ከከፈተና እስረኛው ሠርቶ ከሚያገኘው ለካሣው እንዲያስቀምጥ ካደረገ፣ የሙያ ሥልጠናው የሚያርፍበት መሬት ያገኛል።

ይህ መንገድ ግን ለሁሉም አይሆንም፤ ባህልን የሚያወድሱ ጽሑፎች ደግሞ ይህን ብዙ ጊዜ ያልፉታል። ካሣው በዘመድ አዝማድ ላይ ስለሚደለደል ድሃውን ቤተሰብ አጥንቱ ድረስ ይበላዋል። የሽምግልናው አደባባይ በወንዶች የተያዘ በመሆኑ ባሏን የገደለች ሴት የሚቆምላት ወገን ለማግኘት ትቸገራለች። ሌባውም ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚደርቅ ደም የለውም፣ ጥርጣሬው ግን በየቤቱ ነው። አዋጅ ቁጥር 515/1999 በእምነት ማጉደል፣ በስርቆት ወይም በማታለል የተፈረደበትን ሰው ከፌዴራል መንግሥት ሥራ ሲያግድ በስም የጠራው እነዚህን ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚሻለው ቅሬው ይመስለኛል። ቅሬ በወሎ ሙት ቀባሪ ብቻ አይደለም፤ ያጠፋን የሚያገልል፣ የተመለሰን የሚቀበል ማኅበር ነው። የቅሬ ዳኛ የመሰከረለትን ሰው አበዳሪውም ባለሱቁም በሌላ ዓይን ያየዋል። ክልሉ ለዚህ ምስክርነት የገንዘብ መተማመኛ ቢጨምርበት፣ ማለትም ሰውየው ካጎደለ ቅሬው ብቻውን እንዳይከፍል ቢያደርግ፣ ምስክር የሚሆን አይጠፋም።

አሁን ያለው ጊዜ ይህን ሁሉ አክብዶታል። ቆቦ በ2013 ክረምት፣ እንደገናም በነሐሴ 2014 በጦርነቱ ተይዛ ነበር፤ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ነው። መሣሪያ በበዛበት ሽማግሌ ይደክማል፤ ከቆቦ ወልድያ ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም ሁልጊዜ ለሽማግሌ ክፍት አይደለም። ስለዚህ ክልሉ አስቀድሞ ሊያደርገው የሚችለው ቀላሉ ነገር የታሳሪውና የሟች ቤተሰብ ያሉበትን ቀበሌ፣ የጀመሩትን ሽማግሌዎችና የተቆረጠውን ካሣ በእስረኛው ማኅደር ውስጥ ማስፈር ነው፤ ሽማግሌው ቢሞት ወይም ቢሰደድ ተተኪው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።