«ፔዘቬንክ»፦ የስድቡ አባት ማነው?

መስከረም 16 በእኛ ዘንድ የደመራ ዕለት ነው፤ በቱርክ ደግሞ የቋንቋ በዓል ይከበርበታል። በ1925 ዓ.ም. በዚሁ ዕለት ኢስታንቡል በሚገኘው የዶልማባህቼ ቤተ መንግሥት የመጀመሪያው የቱርክ ቋንቋ ጉባኤ ተከፈተ። አታቱርክ አገራቸውን ከአረብኛ ፊደል ወደ ላቲን ካሻገሩ ገና አራት ዓመት ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ የአረብኛና የፋርስ ቃላትን እየለቀሙ የማውጣቱ ሥራ ተጧጧፈ። ስለዚህ ዘመቻ ብዙ ተጽፏል። ሊቃውንቱን እስከ ዛሬ የሚያሟግተው አንድ የመንደር ስድብ ግን ከዘመቻው ያላነሰ ታሪክ አለው፦ «ፔዘቬንክ»።

ትርጉሙ አቃጣሪ ማለት ነው። በቱርክኛ ጠብ የሚያስነሳ ከባድ ስድብ ነው። በቆጵሮስ ግሪክኛ ግን «ፔዘቬንጊስ» ሆኖ ለዝቦ፣ ብልጣ ብልጡን ሰው በግማሽ አድናቆት መጥሪያም ሆኗል።

ስለ አመጣጡ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው «ፓዣቫንድ» ከሚለው የፋርስ ቃል ያመጣዋል። ይህ ቃል ከበር ኋላ የሚጋረጥ መወርወሪያ ሲሆን፣ ስድቡም በር ጠባቂውን ያመለክታል ይላሉ። ሁለተኛው ወገን ወደ አርመንኛ ይወስደዋል፦ «ቦዝ» ሴተኛ አዳሪ፣ «አቫግ» ታላቅ ወይም አለቃ፤ በአንድነት የሴተኛ አዳሪዎች አለቃ። «አቫግ» አርመኖች ሰሙነ ሕማማትን «ታላቁ ሳምንት» ብለው የሚጠሩበት የክብር ቃል ነው። ከስድብ ጋር የተጣመረውም ይኸው ቃል ነው።

የፋርሱ መንገድ በቃሉ መካከል ያለችውን «ን» በቀላሉ ያስረዳል፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ድ» እንዴት «ክ» እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ይደናቀፋል። የኢስታንቡል አርመኖች የሚናገሩት ምዕራባዊ አርመንኛ «ብ»ን «ፕ»፣ «ግ»ን «ክ» አድርጎ ያነባል። ስለዚህ «ቦዛቫግ» በአፋቸው «ፖዛቫክ» ይሆናል። የስድቡ መነሻም መድረሻም በዚህ ይገጥማል። ጆርጂያውያንም «ቦዚ» የሚለውን ስድባቸውን ከዚያው ከአርመን ጎረቤታቸው ወስደዋል። የፋርስ ቃላት ወደ ቱርክኛ በብዛት የገቡት በመጽሐፍና በቤተ መንግሥት በኩል ነው። የአርመንኛዎቹ መንገድ ሌላ ነበር። የቱርክኛ አጥኚው ሮበርት ዳንኮፍ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንደሚታየው፣ እነዚህ ቃላት በብዛት የሚገኙት በአናቶሊያ ገጠር ዘዬዎች፣ በእርሻውና በማጀቱ ወሬ ውስጥ ነው። ስድብም የሚወለደው እንዲህ ጎረቤት ከጎረቤት በሚውልበት ስፍራ ነው።

በመጀመሪያው የቱርክ ቋንቋ ጉባኤ ከተጋበዙት አንዱ ኢስታንቡል የተወለዱት አርመናዊው የቋንቋ ሊቅ አጎፕ ማርታያን ነበሩ። የቱርክኛን ተሐድሶ ዕድሜያቸውን ሙሉ አገለገሉ። የቤተሰብ ስም ሕግ ሲወጣም «ዲላቻር»፣ ማለትም ቋንቋ ከፋች፣ የሚለውን ስም ከአታቱርክ ተቀበሉ። መጻሕፍታቸው ላይ ግን «አ. ዲላቻር» ተብለው ነው የሚታወቁት፤ አርመናዊው ስም በአንድ ፊደል ተሸፈነ። የሰውየው ስም እንዲህ ከተሸፈነ፣ የአንድ ስድብ አርመናዊ ትውልድ ለመታመን ቢቸግር አይገርምም።

ቃሉ ከቱርክኛ ወደ ግሪክኛ፣ ወደ ቡልጋርኛና ወደ ሮማንኛ ተሻግሯል። ቆጵሮስ የገባው ኦቶማኖች ደሴቲቱን በያዙበት ከ1571 እስከ 1878 እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን ነው።

እኛም ከዚህ የምንማረው አለ። አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሱትን ዜማ ብሔራዊ መዝሙራችን አድርገን እስከ አብዮቱ ድረስ ዘምረናል፤ መዝሙሩም የኢትዮጵያ ነበር። ዛሬ «ይህ ቃል የእኛ ነው፣ የእነሱ ነው» የሚለው ክርክር በየመገናኛ ብዙኃኑ በርትቷል። የቃልን አባት መጠየቅ ነውር የለበትም። ነውሩ ማስረጃ ሳይመረመር በዘር መፍረድ ነው።