ስለ መታሰቢያ ዛፍ

ሰው በለመደው ሰፈር ሲመላለስ፥ ዓይኑ ያያል እንጂ ልቡ አይመለከትም። እኔም በኮዬ ፈጬ መኖር ከጀመርሁ ወዲህ፥ በሕንፃዎቹ መካከል ያለችውን ትንሽ መናፈሻ ስንት ጊዜ አቋርጬ እንዳለፍሁ አላውቅም። ባለፈው መጋቢት ግን፥ አንድ ቀን ወደ ማታ ነፋስ ልቀበል ብዬ ቀስ እያልሁ ስሄድ፥ በተርታ የቆሙ ዛፎች አየሁ። ወይራ አለ፤ ዝግባ አለ፤ ጽድም አለ። በአንደኛው ግንድ ላይ ዝገት የበላው ቆርቆሮ በሽቦ ታስሮ ነበር። ከጽሑፉ የቀረው «መታሰቢያ፥ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም.» የሚለው ብቻ ነው፤ የማን መታሰቢያ እንደ ሆነ የሚናገረው ክፍል ተልጦ ጠፍቷል።

ቀኑን ሳነብ ደነገጥሁ። በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ፥ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ በመንግሥት የተነገረው በዚያ ቀን ነው። እኔም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወጥቼ፥ ለሟቹ አባቴ መታሰቢያ ትሁን ብዬ አንዲት የወይራ ችግኝ ተክያለሁ፤ ፎቶግራፍም ተነሥቻለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቀን እንኳ ተመልሼ አላየኋትም።

ሐምሌ 22 ደግሞ ሌላ መታሰቢያ ያለው ቀን ነው። በ1928 ዓ.ም. በዚሁ ቀን አቡነ ጴጥሮስ፥ ለፋሺስት አልገዛም፥ አርበኞችንም አላወግዝም በማለታቸው በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። መቃብራቸው የት እንደ ሆነ ሳይታወቅ ቀረ፤ ነገር ግን ስም ከመቃብር በላይ ይውላልና ሐውልት ቆመላቸው። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለከተማው ባቡር ሐዲድ ሥራ ተነሥቶ፥ ኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። ሐውልት እንዲህ ነው፤ ቢያነሡት ይነሣል፥ ቢመልሱት ይመለሳል፥ ውሃ አጠጡኝም አይልም። ዛፍ ግን ከተረሳ ይደርቃል፤ የደረቀውንም የሚመልሰው የለም።

ይህን እያሰብሁ ቆሜ ሳለሁ፥ የመናፈሻው ዘበኛ፥ አንድ ሽማግሌ፥ ጀሪካን ተሸክመው መጡ።

«አባባ፥ ይህ ዛፍ የማን መታሰቢያ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የተከሉት ሰዎች የመጡት አንድ ቀን ነው፤ ስማቸውን አላውቅም። እኔ የማውቀው በበጋ ውሃ እንደሚጠማው ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ማን አዘዘዎት?»

«ማንም አላዘዘኝም፤ እኔ የተቀጠርሁት ለጥበቃ ነው። ይህ ቦታ የአባቴ የጤፍ ማሳ ነበር። ማሳው ከቀረ፥ በላዩ ያለው ዛፍ እንኳ አይድረቅ ብዬ ነው።»

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ጊዜ የምመልሰው ቃል አጣሁ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ51 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፥ ኮዬ ፈጬ ከነበረበት፥ ስለ መሬቱ ይገባኛልና ስለ ገበሬው ካሳ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። እኔ ዕጣ የደረሰኝ ሰው ነኝና ያን ጊዜ ስለ ደስታዬ እንጂ ስለ ማሳው አላሰብሁም። እነሆ እኔ በእርሳቸው አባት ማሳ ላይ ቤት ይዤ፥ የገዛ አባቴን መታሰቢያ ረሳሁ፤ እርሳቸው ግን ማሳውን አጥተው፥ እንግዳ የተከለውን ዛፍ ያጠጣሉ።

«ሰሌዳው መጥፋቱ ያሳዝናል» አልኋቸው፥ ኀፍረቴን ለመሸፈን።

«ልጄ፥ ኦዳ ነቤን ሰው ያወቀው በሰሌዳ ነውን?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ኦዳ ነቤ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ በዱከም አጠገብ የሚገኝ፥ የኦሮሞ ሕዝብ በገዳ ሥርዓት የሚሰበሰብበትና ሕግ የሚደነግግበት የጥንት ቦታ ነው። ሥርዓቱን ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. ከዓለም ቅርሶች ጋር መዘገበው፤ ከመዝገቡ አስቀድሞ ግን፥ ትውልድ በኦዳው ጥላ ሥር እየተሰበሰበ ሲጠብቀው ኖሯል።

በማግሥቱ ችግኜን ወደ ተከልሁበት ቦታ ሄድሁ። ከጉድጓዷ ምልክት በቀር ምንም አላገኘሁም። የምወቅሰው ሌላ ሰው የለም፤ ሰባት ክረምት ስጠብቅባት ብኖር ኖሮ ዛሬ ከቁመቴ በበለጠች ነበር። ስለዚህ በየቅዳሜው ጀሪካን ይዤ ወደ መናፈሻው እወርዳለሁ። ሽማግሌው ከዳር ያለችውን ወይራ ሰጥተውኛል፤ ሰሌዳ ግን አልሰቀልሁባትም።

ወዳጄ ሆይ፥ አንተም በሐምሌ የተከልኸው ቢኖር በመጋቢት ሂድና እየው። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማስታወስ ግን የበጋውን ሁሉ ድካም ይጠይቃል።