ፊደል የቆጠረችው ኒሎቭና እና ባንዲራ ያነሣችው ኒሎቭና

ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሲዛወር አንዳች ነገር መቅረቱ አይቀርም። በብዙ መቶ ገጾች የተዘረጋ ታሪክ በሰዓት ተኩል ታይቶ ማለቅ ስላለበት የፊልሙ አዘጋጅ የሚተወውን መምረጥ ግዴታው ነው። ይሁን እንጂ የሚተወው የአንዲት ሴት ገጸ ባሕርይ አስተሳሰብ በሚሆንበት ጊዜ ነገሩ በጊዜ ማጠር ብቻ ተመካኝቶ ሊታለፍ አይገባውም። ማክሲም ጎርኪ በ1906 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሳለ የጻፈው «እናት» እና ቭሴቮሎድ ፑዶቭኪን በ1926 ከዚሁ ድርሰት የሠራው ድምፅ አልባ ፊልም ጎን ለጎን ሲታዩ ይህ ጉልህ ሆኖ ይወጣል።

ጎርኪ ለድርሰቱ መነሻ ያደረገው በ1902 በሶርሞቮ የተካሄደውን የሜይ ዴይ ሰልፍ፣ በዚያም ሰልፍ የታሰረውን ሠራተኛ ፒዮትር ዛሎሞቭንና እናቱን አናን ነው። የመጽሐፉ ፔላጌያ ኒሎቭና ገና ስትተዋወቀን ዕድሜዋ አርባ ገደማ ነው፤ የባሏ ዱላ ወገቧን አጉብጦታል፤ በገዛ ቤቷ ውስጥ እንኳ ስትራመድ ከአንድ ነገር እንዳትጋጭ የምትፈራ ትመስላለች። ባሏ ታሞ ይሞታል። ልጇ ፓቬል መጻሕፍት ማምጣት ሲጀምር የመጀመሪያ ስሜቷ ፍርሃት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ጎርኪ አይቸኩልበትም። የልጇ ጓደኛ አንድሬይ ናኾድካ ፊደል ሊያስቈጥራት ይነሣል፤ እሷ ግን በዚህ ዕድሜዬ ብላ ታፍራለች፤ ኋላም ከሰው ተሸሽጋ ብቻዋን መጽሐፍ ትገልጣለች። ፓቬል ሲታሰር ምግብ ሻጭ መስላ በራሪ ወረቀቶችን በልብሷ ሥር ሸሽጋ በፋብሪካው ዘበኞች ፊት ታልፋለች። ቀጥሎም የመንገደኛ ተሳላሚ ልብስ ለብሳ ከሶፊያ ጋር ወደ ገጠር መጻሕፍት ታደርሳለች። ሳሻ፣ ናታሻ፣ በድብቅ ማተሚያ የምትሠራው ሉድሚላ፣ እነዚህ ሁሉ ሴቶች በዙሪያዋ አሉ። በመጨረሻ ልጇ በፍርድ ቤት የተናገረውን ቃል በሻንጣ ይዛ ባቡር ጣቢያ ላይ ስትያዝ ወረቀቱን ለሕዝቡ ትበትናለች። ልጇ ያን ጊዜ በሕይወት አለ።

የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀው ናታን ዛርኺ ታሪኩን ከሥር ገለበጠው። በፊልሙ አባትየው የሚሞተው በአድማ ግጭት፣ ያውም ከአድማ ሰባሪዎች ጋር ቆሞ ነው። ልጁ በወዲያኛው ወገን ነው። ፖሊሶች ቤቱን ሊፈትሹ ሲመጡ (ከመኰንኖቹ አንዱን ፑዶቭኪን ራሱ ይጫወተዋል) እናትየዋ እውነቱን ብትናገር ልጇ የሚማርላት መስሏት ከወለሉ ሳንቃ ሥር የተደበቀውን መሣሪያ በእጇ አውጥታ ትሰጣለች። በመጽሐፉ እንዲህ ያለ ነገር ጭራሽ የለም። ከዚያ ወዲያ የምትሠራው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ስሕተት ጸጸት ነው። ፓቬል ከወህኒ አምልጦ በወንዝ በረዶ ላይ እየዘለለ ሰልፈኛው ዘንድ ይደርሳል፤ በእቅፏ ሳለ በጥይት ይወድቃል። እሷም ባንዲራውን አንሥታ ትቆማለች፤ ፈረሰኛው ጦር ይረግጣታል።

የዛርኺን ችግር አለመረዳት አይቻልም። በፊደል ላይ ጣቷን እያስኬደች የምታመሽ ሴት ለድምፅ አልባ ካሜራ አስቸጋሪ ናት፤ ሳንቃ ስታነሣ ግን ባንድ እይታ ሁሉ ነገር ይታያል። ፊልሙ ያተረፈውም ቀላል አይደለም። ከሞስኮ የሥነ ጥበብ ቴአትር የመጣችው ቬራ ባራኖቭስካያ ፊቷን ብቻ ይዛ ብዙ ገጽ ትናገራለች። ፎቶግራፍ አንሺው አናቶሊ ጎሎቭኒያ በውርደቷ ሰዓት ከላይ ወደ ታች፣ በመጨረሻው ሰዓት ከታች ወደ ላይ እያነሣ የቁመቷን መለወጥ ያለ አንድ ቃል አሳይቷል።

ነገር ግን የልጇን ሬሳ የታቀፈች እናት ባንዲራ ብታነሣ ማን ይደነቃል? ሐዘን ያደርገዋል። የጎርኪዋ ኒሎቭና የምታስደንቀው ሐዘን ሳያስገድዳት፣ ስለገባት ብቻ መነሣቷ ነው። ፊልሙ ጀግንነትን ሰጥቷት መማርን ነሥቷታል። የሴት ጓደኞቿም ቍጥር እጅግ ተመናምኖ በልጇና በባሏ መካከል የቀረች ብቸኛ ሴት ትመስላለች።

የተነጠቀውን ለመመለስ የሞከረው ቴአትር መሆኑ ይገርማል። በርቶልት ብሬኽት በ1932 በርሊን ላይ ባሳየው «እናት»፣ ሄለነ ቫይግል የተጫወተቻት ቭላሶቫ ከሠራተኞች ጋር ከአንድ መምህር ፊት ተቀምጣ ማንበብ ትማራለች፤ ትምህርቱ ራሱ የትዕይንቱ ትግል ነው። ካሜራ የከበደውን ነገር ሰሌዳና ጠመኔ ተሸክመውታል። ማርክ ዶንስኮይም በ1955 ቬራ ማሬትስካያን ይዞ ለመጽሐፉ ቀረብ ያለ የድምፅ ፊልም ሠርቷል።

ሆኖም በ1958 ብራስልስ ላይ የዓለም ምርጥ ተብለው ከተመረጡት አሥራ ሁለት ፊልሞች አንዱ የሆነው የ1926ቱ ነው። ብዙ ተመልካች የሚያውቃት ኒሎቭና ሳንቃውን ያነሣችውን ናት። መጽሐፍ ደብቃ የምታነበው ያቺኛዋ ዛሬም በመጽሐፉ ውስጥ ናት።