ስቲቨን ፒት ኮርደር

ስቲቨን ፒት ኮርደር (1918 – 1990 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የተግባራዊ ሥነ ልሳን ሊቅና በስኮትላንድ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበር። ተግባራዊ ሥነ ልሳን ስለ ቋንቋ የተገኘ እውቀት እንደ ቋንቋ ማስተማር ላሉ ሥራዎች እንዴት እንደሚውል የሚያጠና ዘርፍ ነው። ኮርደር በይበልጥ የሚታወቀው «የስህተት ትንተና» ለተባለው የጥናት መንገድ መሠረት በመጣሉ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወትና ሥራ

ኮርደር በዮርክ ከተማ ከኩዌከር ቤተሰብ ተወለደ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ መርተን ኮሌጅ ዘመናዊ ቋንቋዎችን ተማረ። ኩዌከሮች ጦርነትን የሚቃወሙ ክርስቲያኖች ናቸው፤ እሱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መሣሪያ በመያዝ ፈንታ በኩዌከሮች የአምቡላንስ ጓድ ውስጥ አገለገለ። ከጦርነቱ በኋላ በብሪቲሽ ካውንስል ተቀጥሮ በኦስትሪያ፣ በቱርክ፣ በጃማይካና በኮሎምቢያ ሠራ። በናይጄሪያም እንግሊዝኛን በቴሌቪዥን ለማስተማር የሚያገለግሉ ትምህርቶችን አዘጋጀ።

በ1961 በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። በ1964 ወደ ኤድንብራ ተዛውሮ የተግባራዊ ሥነ ልሳን ክፍል ኃላፊ ሆነ፤ በ1983 ጡረታ እስከወጣም ድረስ በዚያው ቆየ። የብሪታንያ የተግባራዊ ሥነ ልሳን ማኅበር በ1967 ሲመሠረት የመጀመሪያው ሊቀመንበር ነበር።

የስህተት ትንተና

ከኮርደር በፊት ብዙ መምህራን የተማሪን ስህተት ከአፍ መፍቻ ቋንቋ የመጣ መጥፎ ልማድ አድርገው ያዩት ነበር። መድኃኒቱም ትክክለኛውን አነጋገር ደጋግሞ ማስባል ነበር። ኮርደር በ1967 ባወጣው «የተማሪዎች ስህተት ፋይዳ» በተባለ ጽሑፉ ይህን አመለካከት ተቃወመ።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን ለየ። በድካም ወይም በችኮላ የሚመጣ የአፍ ወለምታ በአፍ መፍቻ ቋንቋም ያጋጥማል፤ ተናጋሪውም ራሱ ያርመዋል። በሥርዓት የሚደጋገም ስህተት ግን ተማሪው በዚያን ጊዜ የያዘውን የቋንቋ ሕግ ያሳያል። ለምሳሌ በእንግሊዝኛ «ልጆች» ለማለት «ቺልድረን» በማለት ፈንታ «ቻይልድስ» የሚል ተማሪ የብዙ ቁጥርን ሕግ ተምሯል፤ የጎደለው ሕጉ የማይሠራበትን ቦታ ማወቅ ነው።

በኮርደር አስተያየት ስህተት ሦስት ጥቅም አለው፦

• ለመምህሩ፣ ተማሪው የት እንደደረሰና ምን እንደቀረው ይነግረዋል፤
• ለተመራማሪው፣ ቋንቋ እንዴት እንደሚለመድ ማስረጃ ይሆነዋል፤
• ለተማሪው፣ የገመተውን ሕግ የሚፈትንበት መንገድ ነው።

ተማሪው «በውስጡ ያለ ሥርዓተ ትምህርት» እንዳለውም ጽፏል። ስለዚህ መምህሩ ያስተማረው ሁሉ ወዲያው ገብቷል ማለት አይቻልም።

ተጽዕኖና ትችት

አሜሪካዊው ላሪ ሴሊንከር በ1972 ተማሪው በመማር ላይ ሳለ የሚኖረውን ቋንቋ «ኢንተርላንጉዌጅ» ብሎ ባወጣው ጽሑፍ የኮርደርን ሐሳብ አስፋፋ። በ1974 ደግሞ ጃክሊን ሻክተር የዘዴውን ድክመት አሳየች። ቻይናውያንና ጃፓናውያን ተማሪዎች በአንዳንድ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮች ጥቂት ስህተት የሠሩት አወቃቀሩን ስለሚያውቁት ሳይሆን ስለሚሸሹት ነበር። ስለዚህ ስህተትን ብቻ መቁጠር የተማሪውን ችሎታ ሙሉ በሙሉ አያሳይም።

ዋና ሥራዎች

• በቋንቋ ትምህርት ውስጥ የሥዕልና የምስል ድርሻ (1966)
• የተግባራዊ ሥነ ልሳን መግቢያ (1973)
• የስህተት ትንተናና ኢንተርላንጉዌጅ (1981)